ቀለሁን የሚጥልና ቀለሁን የሚለቅም

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ኮሎራዶ የሚኖር አንድ ወጣት በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ የድሮ ጠመንጃ ታሪክ ስለሚወዱ ነው እርስዎን የምጠይቀው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፕሬሪ ዶግ አደን ልሄድ ነው። ባለ .223 ጠመንጃ ገዝቻለሁ። አንዱ የፋብሪካ ጥይት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፣ እኔ በእጄ ከሞላሁት እሰጥሃለሁ ይለኛል። ሌላው ደግሞ በእጅ የተሞላ ጥይት እንዳትነካ ይለኛል። ማንን ልስማ?»

እኔ አዳኝ አይደለሁም። የማውቀው ታሪኩን ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ሳገላብጠው ከላይ እስከ ታች የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። እንዲያውም አንደኛው ጫፉ ከኮሎራዶ ሳይሆን ከእኛው ከመቅደላ ሥር፣ ከአሮጌ ሜዳ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ መልሴን ለሁላችሁም ላድርገው አልኩ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ከነሐስ የሚሠራው ቀለህ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከፊት የሚሰካው አረር፣ ከኋላ ደግሞ መርፌው ሲመታው እሳት የሚጭረው ትንሽ ቆብ፣ ማለትም ፕራይመር። ምላጩ ተስቦ ተኩሱ ካለፈ በኋላ ባሩዱ ነዷል፣ አረሩ ሄዷል፣ ፕራይመሩ ሞቷል። ቀለሁ ግን አለ። ከአራቱ በጣም ውዱም እሱ ነው። ነሐስ ደግ ብረት ነው፤ ግፊት ሲመጣ ይለጠጣል፣ ግፊቱ ሲያልፍ መለስ ይላል። ስለዚህ አንድን ቀለህ ወደ ልኩ መልሶ፣ አዲስ ፕራይመር፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ሰጥቶ ደጋግሞ መተኮስ ይቻላል። በእጅ የተሞላ ጥይት የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚቻለው አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ቦታዋ ላይ ከሆነች ነው። የታሪኩ ቁልፍ እሷ ናት።

በ1866 ሁለት ሰዎች፣ በሁለት አገር፣ ለአንድ ችግር ሁለት መፍትሔ አወጡ። አንዱ አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን ነው፤ በእርስ በርሱ ጦርነት የሰሜኑን አልሞ ተኳሾች የመራ ሰው። ሌላው በእንግሊዝ የዉልዊች ጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ቦክሰር ነው። በርዳን ፕራይመሩ የሚጋጭበትን ጉብታ የቀለሁ አካል አደረገውና እሳቱ እንዲያልፍ ከጉብታው ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳዎች በሳ። ቦክሰር ግን ጉብታውን ፕራይመሩ ውስጥ ከተተው፤ ስለዚህ ቀለሁ መሐል ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረችው።

ልዩነቱ ለወታደር ምንም ነው። ለሚለቅመው ሰው ግን ሁሉም ነገር ነው። በቦክሰር ቀለህ አንድ ቀጭን መርፌ ከአፉ አስገብተህ በመሐሏ ቀዳዳ ገፋ ብታደርገው የሞተው ፕራይመር ጠብ ይላል። በበርዳን ግን ከውጭ በመንጠቆ ፈልቅቀህ ማውጣት አለብህ፤ አድካሚ ነው፣ ቀለሁንም ያበላሻል። ታሪክ ደግሞ ቀልደኛ ናት፦ የአሜሪካዊው ሥራ አውሮፓን ወረሰ፣ የእንግሊዛዊው ሥራ አሜሪካን ወረሰ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሰው በጋራዡ ቁጭ ብሎ ጥይት የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ አገር የሚታወቀውን የክላሽ ጥይት ተመልከቱ። ቀለሁ በአብዛኛው ብረት ነው፣ ፕራይመሩም የበርዳን ዓይነት። ተተኩሶ ይጣላል፣ አለቀ። መልሶ የሚሞላው ሰው የማናየው አንድም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አሮጌ እንሂድ።

የቦክሰር ጥይት የተሠራው ስናይደር ለሚባለው ጠመንጃ ነበር። የጠመንጃውን አሠራር የፈጠረው ጄኮብ ስናይደርም አሜሪካዊ ነው፤ እንግሊዝ የድሮ ከአፍ የሚጎረሱ ጠመንጃዎቿን በእሱ ዘዴ ወደ ኋላ ጎራሽ ቀየረቻቸው፣ እሱ ግን በዚያው በ1866 ሞተ። ጠመንጃው በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው የት ይመስላችኋል? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ 10 ኤፕሪል 1868) በአሮጌ ሜዳ፣ በእኛ ሰው ላይ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከመቅደላ በኩል ቁልቁል ወረደ። በእጃቸው ያለው ከአፉ የሚጎረስ ጠመንጃ፣ ጦርና ጋሻ ነው። ከፊታቸው የቆሙት እንግሊዞች ግን በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ የሚተኩስ ስናይደር ይዘዋል። አንዱ ክፍለ ጦር ብቻ፣ አራተኛው የንጉሥ እግረኛ፣ በዚያ ከሰዓት ከ10,000 በላይ ጥይት ተኮሰ። ከእኛ ወገን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን በዕለቱ አንድም ሰው በሜዳው ላይ አልሞተም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አብረው የዘመቱት የህንድ ወታደሮች ስናይደር አልተሰጣቸውም። ከ1857ቱ የህንድ አመፅ በኋላ እንግሊዝ አዲሱን መሣሪያ ለራሷ ልጆች ብቻ ነበር የምትሰጠው። ማን ምን ዓይነት ጥይት እንደሚይዝ መወሰን ራሱ ሥልጣን ነበር ማለት ነው።

ይህን ከማንም በፊት የገባቸው ሰው ደግሞ ቴዎድሮስ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው ያስገደዱት ለጌጥ አልነበረም። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ሰውየው ያሰቡት «ከመግዛት መሥራት» ነው። ጊዜ አልሰጣቸውም።

ከዚያ በኋላ ገዢዎች ሆንን። ስናይደር በአፋችን «ሰናድር» ሆነ። የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ደግሞ «ውጅግራ» ሆኖ አድዋ ዘመተ። የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። እስቲ አስቡት፦ በጥይት በርበሬ መግዛት! እንደ እኔ አስተያየት ጥይት ገንዘብ የሚሆነው ከሩቅ ሲመጣና እንደልብ የማይገኝ ሲሆን ነው። ሁሉም በቤቱ የሚሞላው ነገር ገንዘብ አይሆንም።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። በ1870ዎቹ ሜዳው ላይ ጎሽ የሚያድኑት ሰዎች ከከተማ በጣም ርቀው ነበር የሚሰነብቱት። ስለዚህ እርሳስ፣ ባሩድና ፕራይመር በጋሪ ጭነው ይሄዱና ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ቀን የተኮሱትን ቀለህ ይሞሉ ነበር። (ጎሹን ለመጥፋት ዳርገውታል፤ እሱ ሌላ አሳዛኝ ታሪክ ነው።) በ1884 ጆን ባርሎ የሚባል ሰው ኮነቲከት ውስጥ አይዲያል የተባለ ድርጅት አቋቁሞ እንደ ፒንሳ በእጅ የሚያዝ መሙያ መሣሪያ ለሕዝብ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ጥይት መሙላት የአዳኝ ብቻ ሳይሆን የገበሬው፣ የመምህሩ፣ የባቡር ሠራተኛው ሙያ ሆነ።

ግን ሙያውን ወደ ጥበብ ያሳደጉት ትልቅ አውሬ አዳኞች አይደሉም። ቫርሚንት አዳኞች ናቸው። ቫርሚንት ማለት አሜሪካኖቹ የእርሻና የግጦሽ ፀር የሚሉት እንስሳ ሁሉ ነው፦ መሬት እየፈለፈለ የሚኖረው ፕሬሪ ዶግ፣ ዉድቸክ፣ በግ የሚነጥቀው ኮዮቴ። እኛ ጦጣና ከርከሮ፣ ጃርትና ፍልፈል እንደምንለው ማለት ነው፤ የእኛ ገበሬ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ይጠብቃል፣ የእነሱ በጠመንጃ።

አስቡት እንግዲህ። ፕሬሪ ዶግ ቆሞ ሲታይ ከአንድ የውኃ ኮዳ ብዙም አይበልጥም። ርቀቱ 200 ወይም 300 ሜትር ነው። በአንድ ቀን የሚተኮሰው ጥይት በመቶ ይቆጠራል። ስለዚህ ይህ አዳኝ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይፈልጋል፦ በጣም ፈጣንና ቀጥተኛ አካሄድ፣ በጣም አነስተኛ ስህተት፣ ዝቅተኛ ዋጋ። ለእነዚህ ሦስቱ ገበያ ላይ መልስ አልነበረም። ስለዚህ ራሳቸው ሠሩት።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የመንግሥት ጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አካባቢ የነበሩ ጥቂት ሰዎች፣ ከነሱም ታውንሰንድ ዌለንና ግሮቭነር ዎትኪንስ፣ በ1885 የወጣ አንድ የጥቁር ባሩድ ጥይት አንስተው በአዲስ ባሩድና በአዲስ አረር መሙላት ጀመሩ። .22 ሆርኔት የሚባለው ጥይት እንዲህ ተወለደ። የሚያስቀው ዊንቸስተር በ1930 ጥይቱን ለገበያ ሲያወጣ ለዚያ ጥይት ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ ጠመንጃ ገና አልነበረም! ሰዉ የነበረውን ጠመንጃ እያስቀየረ ነበር የሚተኩሰው።

በ1935 ያው ዊንቸስተር .220 ስዊፍትን አወጣ። 48 ግሬይን፣ ማለትም 3 ግራም የምታህል አረር፣ በሰከንድ ከ1,250 ሜትር በላይ ትበር ነበር። የዘመኑ ተአምር። አፈሙዝ ቶሎ ይበላል ተብሎ ስሙ ጠፋ እንጂ። ወዲያው በ1937 አካባቢ እነ ጌቢ የሚባሉ ባለሙያዎች የሳቬጅን የ.250 ቀለህ አንገቱን አጥብበው በ.22 አረር ሞሉትና «ቫርሚንተር» ብለው ሰየሙት። ይህ ጥይት ለሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በየትኛውም ፋብሪካ አልተሠራም። በየጓዳው በእጅ ብቻ ሲሞላ ኖረ። በመጨረሻ በ1965 ሬሚንግተን እጁን ሰጥቶ .22-250 ብሎ በፋብሪካው መዝገብ አስገባው። እናማ «በእጅ የተሞላ ከፋብሪካ ያንሳል» ለሚል ሰው መልሱ ይኼው፦ ከፋብሪካው ጥይቶች አንዱ ትልቁ የጓዳ ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደው ክፍል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። መዳብና እርሳስ ሁሉ ወደ ጦሩ ሄደ። ለአዳኝ የሚሸጥ አረር ጠፋ። ኦሮቪል በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ፍሬድ ሀንቲንግተን የሚባል ሰው ነበር፤ አባቱ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበራቸው። ይህ ሰው መሬት ላይ ወድቆ ማንም የማይፈልገውን ነገር አየ፦ ትንሿን የ.22 ጥይት ቀለህ። ይቺ ቀለህ ፕራይመሯ ከጠርዟ ውስጥ ስለሆነ እንደገና አትሞላም፤ ለምንም አትሆንም ተብላ የምትጣል ናት። እሱ ግን ቅርጽ ማውጫ ሠርቶ ያቺን ቀለህ የአዲስ አረር ልባስ አደረጋት። የመጀመሪያ ዓላማው ሮክ ቸክ የሚባለውን የተራራ ፍልፈል ማደን ስለነበር መሣሪያውን «ሮክ ቸክ ቡሌት ስዌጅ» አለው። ዛሬ በጥይት መሙያ መሣሪያ ስሙ በዓለም የታወቀው አር.ሲ.ቢ.ኤስ. የሚለው ምህጻረ ቃል ከዚህ የመጣ ነው።

በዚያው ጊዜ አይዳሆ ውስጥ ቨርነን ስፒር ይህንኑ ቀለህ እየለቀመ አረር ይሠራ ነበር። ጆይስ ሆርናዲም ነብራስካ ውስጥ በ1949 የራሱን ድርጅት ከማቆሙ በፊት የገባበት በር ይኸው ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ብሩስ ሆጅደን የሚባል የካንሳስ ሰው በሕይወት ኢንሹራንሱ ተበድሮ መንግሥት የተረፈውን ባሩድ በጅምላ ገዛ፤ በአሮጌ የባቡር ፉርጎ ውስጥ አስቀምጦ በማስታወቂያ ይቸረችር ጀመር። ዛሬ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የምታዩዋቸው ትልልቅ ስሞች መነሻቸው ሰው የጣለውን የለቀሙ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ወንድሜ ጥያቄ ልመለስ። ታሪኩ የሚነግረን ምንድነው?

አንደኛ፣ በእጅ የሚሞላ ጥይት የሚበልጠው እጅ ስለሞላው አይደለም። ፋብሪካ በአገሩ ላለው ጠመንጃ ሁሉ የሚሆን ጥይት መሥራት አለበት፤ በእጅ የሚሞላ ሰው ግን ለአንድ ጠመንጃ፣ ለራሱ ጠመንጃ ነው የሚሞላው። ጠመንጃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ የሚስማማው አለ፣ የማይስማማው አለ። አንዱ አፈሙዝ የወደደውን ሌላው ይተፋዋል። ስለዚህ ባልደረባህ «የእኔ ጥይት ይሻላል» ሲልህ አልዋሸም። ለእሱ ጠመንጃ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለዚሁ ምክንያት ሰው የሞላውን ጥይት አትተኩስ። ክፉ ስለሆነ አይደለም። የእሱ ጠመንጃ የቻለውን ግፊት የአንተ ላይችል ይችላል። አንድ ቀለህ ላይ ባሩዱ ሁለቴ ፈሶ ቢሆን ዓይንህና ጣትህ ናቸው ዋጋው። በአሜሪካ ሕግም ሰው ለራሱ ቢሞላ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። በየባዛሩ በላስቲክ ከረጢት የሚሸጥ ስም የለሽ ጥይት ካየህ እለፈው።

ሦስተኛ፣ በፋብሪካ ጥይት ጀምር። ነሐስ ቀለህና የቦክሰር ፕራይመር ያለውን ምረጥ፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ግዛና ዒላማ ላይ ሞክር፤ ጠመንጃህ የቱን እንደሚወድ ጻፍ። ሳጥኑ ላይ .223 መባሉን አረጋግጥ፤ 5.56 የሚለው የወታደር ጥይት መልኩ አንድ ቢሆንም ግፊቱ ይበልጣልና በ.223 ጠመንጃ አትተኩሰው። አፈሙዝህ ላይ 1:12 ወይም 1:8 የሚል ቁጥር ታያለህ፤ አረሩን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ በስንት ኢንች አንድ ዙር እንደሚዞር ነው። ዙሩ ረጅም ከሆነ ቀላልና አጭር አረር ይስማማዋል፤ ዙሩ አጭር ከሆነ ከባዱን ይወዳል፣ በጣም ስስ ልባስ ያለውን ቀላል አረር ግን አየር ላይ ሊበትነው ይችላል። የቫርሚንት አረር ልባሱ ስስ የሚሆነው መሬት ሲነካ እንዲፈረካከስና ነጥሮ የሰው ከብት እንዳይመታ ነው።

አራተኛና ዋናው፦ ቀለህህን አትጣል። ልቀም። ሲጠራቀምልህ ለዚያ ባልደረባህ «ጥይት አትስጠኝ፣ አስተምረኝ» በለው። አጠገቡ ተቀመጥ። የታተመ የመሙያ መጽሐፍ ይኑርህ፤ ከዝቅተኛው መጠን ጀምር እንጂ ከላይ አትጀምር፤ ስትሞላ ስልክህን ዝጋ። ያኔ የያዝከው ጥይት የራስህ ይሆናል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብዘጋው ደግሞ ህሊናዬ አይፈቅድም። «ተባይ» የሚለው ስም ሰው የሰጠው ስም ነው። አሜሪካኖች ፕሬሪ ዶግን በመርዝና በጥይት ሲያጠፉ እሱን እየበላ የሚኖረው ጥቁር እግር ፌረት የሚባለው እንስሳም አብሮ አለቀ። ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ ተስፋ ተቆርጦ ሳለ በ1981 ሚቲትሲ በምትባል የዋዮሚንግ ከተማ አንድ የእርሻ ውሻ አንዱን ገድሎ ወደ ቤት ይዞ ሲመጣ ነው ገና መኖሩ የታወቀው። ዩታ ያለው የፕሬሪ ዶግ ዝርያ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ነው። ሜዳ ላይ የተተወውን ሬሳ ንስር ሲበላው ደግሞ እርሳሱ ንስሩን ይመርዘዋል፤ ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን የከለከለችው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት የክልልህን ሕግ አንብብ፤ እርሳስ የሌለው አረርም አለና ጠይቅ። ጥይት መምረጥ ማለት ምን እንደምትመታ መምረጥም ነው።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነው። ያቺ መሐል ላይ ያለች የቦክሰር ቀዳዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የሠራችው በእኛ ሰው ደረት ላይ ነው። ዛሬ ደግሞ የእኛው ልጅ ኮሎራዶ ተቀምጦ በዚያችው ቀዳዳ መርፌ ሰዶ ጥይት መሙላት ሊማር ነው። ዕቃው ያው ነው። የተለወጠው ዕውቀቱ ያለበት እጅ ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የፈለጉት መድፉን ብቻ አይመስለኝም፤ እጁን ነው። ነገሩ ደግሞ የጥይት ብቻ አይደለም፤ ለመድኃኒቱም፣ ለማዳበሪያውም፣ ለስልኩም ይሠራል። ተኩሶ የሚጥል ሁልጊዜ ገዢ ነው። ለቅሞ የሚያገላብጥ አንድ ቀን ሠሪ ይሆናል።

ከአያት ከቅድመ አያት የሰማችሁት የውጅግራ፣ የሰናድር፣ የምንሽር ወግ ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ አንድ ቀን ሰብስቤ አወጣዋለሁ። ላልደረሳቸውም አካፍሉ።

ቸር እንሰንብት።